የዝናብ ውሃ ለዓሣና ለጓሮ፦ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ሮቶ ወይስ ጉድጓድ?

ክረምት ሲገባ ከጣሪያችን የሚወርደው ውሃ በቦይ ተጠርጎ ይሄዳል። ኅዳር ላይ ደግሞ ቧንቧው በፈረቃ ሲሆን ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን። ቤቱ አኳሪየም ላለው፣ ወይም ጓሮው ጎመንና ቆስጣ ለተከለ ሰው ይህ በጣም ያስቆጫል። ውሃውን መያዝ ከባድ አይደለም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከባዱ ነገር የቱን ዕቃ ለየትኛው ሥራ እንደምንገዛ መወሰን ነው። እዚህ የማነጻጽረው በአዲስ አበባ ዝናብና ቤት አሠራር ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ስሌቱን ከአካባቢያችሁ ዝናብ ጋር ማስተካከል ትችላላችሁ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የዓሣውንና የጓሮውን ውሃ በአንድ ዕቃ ለመያዝ አትሞክሩ። ዓሣ የሚፈልገው ጥቂት ውሃ ነው፣ ግን በጣም ንጹሕ መሆን አለበት። ጓሮ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ አቧራና ቅጠል ቢገባበት ግን ግድ የለውም። ሁለቱን በአንድ ትልቅ ዕቃ ለማሟላት የሚሞክር ሰው ለጓሮ የማይበቃ፣ ለዓሣም የማይታመን ውሃ ይዞ ይቀራል። ገንዘቡም ከሚገባው በላይ ይወጣል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይሰላል። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር ነው። የሚረጨውንና የሚንጠባጠበውን ብንቀንስ እንኳ 250 ሊትር ገደማ ይገኛል። አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ አንድ ደህና የሐምሌ ዝናብ በርሜሉን ሞልቶ ያፈስሳል።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በበልግም ጥቂት ይመጣል። ጣሪያችን በፍጹም አያንሰንም ማለት ነው። የሚያንሰን ማስቀመጫ ነው። ለዚህ ነው «ስንት ልሰብስብ?» ከማለት ይልቅ «በጋውን ለማለፍ ስንት ያስፈልገኛል?» ብሎ መጀመር የሚሻለው።

100 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለ እንበል። በየሳምንቱ ሩቡን ብንቀይር 25 ሊትር ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የዝናብ፣ ግማሹ የቧንቧ ውሃ ቢሆን በሳምንት 12 ሊትር ተኩል የዝናብ ውሃ ይበቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት አራት ወራት 17 ሳምንት ገደማ ናቸው። ተባዝቶ ሲታይ 200 ሊትርን ትንሽ ያልፋል። አንድ በርሜል ለጥቂት ይጎድለዋል፣ አሥራ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን ግን በጋውን ሙሉ ያሻግራል።

አሁን ጓሮውን እንይ። በበጋ ፀሐይ 1 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር ጓሮ በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል። ያ በርሜል አምስት ቀን ቢቆይ ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ እንኳ ሦስት ሳምንት አካባቢ ነው የሚዘልቀው። አራቱን ወር ለመሸፈን ከ5,000 ሊትር በላይ ማጠራቀም ይኖርባችኋል።

በርሜል የገዙ ብዙ ሰዎች ታኅሣሥ ላይ «የዝናብ ውሃ ምንም አይጠቅምም» ሲሉ የምትሰሙት ለዚህ ነው። በርሜሉ ግን የሚጠበቅበትን ሠርቷል። ለጓሮ የሚሆነው በርሜል በበልግና በመስከረም መጨረሻ በዝናብና በዝናብ መካከል ያለውን የደረቅ ሳምንት ለመሸፈን ነው። ለበጋ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ለዓሣ፦ ከጣሪያ ወይስ ከላስቲክ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ዓሣ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያችን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የዝናብ ውሃ በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት ልኩ፣ 5.6 አካባቢ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውሃ ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ ዚንክ እያሟሟ ይወርዳል። ዚንክ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል። ጉዳቱ ደግሞ ማዕድን በሌለው ለስላሳ ውሃ ውስጥ ይበረታል። የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች አብረው ይመጣሉ። ለጎመን ይህ መጠን የሚያሳስብ አይደለም። ኒዮን ቴትራ ለምትባለው ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ ግን ያሳስባል።

ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ከባዶው ይሻላል፣ ቀለሙ ደህና እስከሆነ ድረስ። አሮጌና የሚላጥ ቀለም ግን ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ለዓሣ አልመክረውም። ከአስቤስቶስ ጣሪያም ለዓሣ ውሃ አልቀዳም።

ሁለተኛው መንገድ ከጣሪያ መራቅ ነው። 2 በ2 ሜትር የሆነ አዲስ ወፍራም ላስቲክ ግዙ። አራቱን ጫፍ በገመድ ከእንጨት ወይም ከአጥር ጋር እሰሩት። መሐሉን ታጥቦ በጸዳ ድንጋይ አርግቡት፣ ዝቅ ካለው ቦታ ትንሽ ቀዳዳ አበጁ። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡ። 4 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 40 ሊትር ያወርዳል። የአኳሪየሙን የሦስት ሳምንት የዝናብ ድርሻ በአንድ ከሰዓት አገኛችሁ ማለት ነው። ዝናቡ ሲያቆም ላስቲኩን ጠቅልሎ ማስገባት ይቻላል። ብረት የለም፣ የወፍ ኩስ የለም፣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ አቧራ የለም። ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ለዓሣ ብቻ ለሚሰበስብ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጉድለቱ ሰው ቤት መኖር ያለበት መሆኑ ነው። ነፋስና በረዶ ሲመጣ ላስቲኩ ይቀደዳል። ቤት ውስጥ ሰው በማይኖርበት ሰዓት የሚዘንበው ያመልጣል። ነገር ግን የሚያስፈልገው 200 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ይበቃሉ።

የቱንም ብትመርጡ ዝናቡ እንደጀመረ አትቅዱ። የመጀመሪያው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ አየሩን የሚያጥብበት ነው፤ አቧራውን፣ የመኪናውን ጭስ፣ የማገዶውን ጥላሸት ይዞ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ባልዲው የሚቀመጠው። እንደዚሁም የሰኔ መግቢያ ዝናብ ለዓሣ አይሆንም። ሐምሌ አጋማሽ ከደረሰ በኋላ የሚወርደው በጣም ይሻላል።

የዓሣ ውሃ በምን ይቀመጥ?

በርሜል ወይስ ጀሪካን? ለዓሣ እኔ ጀሪካን እመርጣለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። በርሜል ውስጥ አንድ የሞተ አይጥ ከገባ 200 ሊትሩ በሙሉ ይደፋል። ጀሪካን በጥብቅ ይዘጋል፣ ብርሃን በሌለበት ጥግ ይደረደራል። በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ውጭ ያደረ ውሃ በጣም ይቀዘቅዛል። 25 ዲግሪ የለመደ ዓሣ ላይ እንዲህ ያለ ውሃ ማፍሰስ ያሳምመዋል። ጀሪካኑን ግን አንድ ቀን ቀደም ብሎ አኳሪየሙ ያለበት ክፍል ማስገባት ይቻላል። በርሜል አይገባም።

ቢጫው የዘይት ጀሪካን ርካሽ ነው፣ በየሰፈሩም አለ። ችግሩ ዘይቱ ነው። ትንሽ ዘይት ከውሃው ፊት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ኦክስጅን እንዳይገባም ያግዳል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያ የሳሙናው ሽታ እስኪጠፋ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ሞልታችሁት ስታድሩ ጠዋት ፊቱ ላይ ቀስተ ደመና መሳይ ነገር ካያችሁ ለጓሮ መድቡት። ትንሽ ጨምሮ አዲስ ጀሪካን መግዛት የሚችል ግን ከዚህ ድካም ይገላገላል።

ያገለገለ ሰማያዊ በርሜል ስትገዙ፣ ምናለሽ ተራም ይሁን ከቆራሌው፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ነበረበት? የምግብ ጭማቂ ወይም ማር ከነበረ ጥሩ። የሳሙና ፋብሪካ ኬሚካል፣ አሲድ ወይም የተባይ መድኃኒት ከነበረ ተዉት። ሻጩ የማያውቅ ከሆነም ተዉት። ይህ ለዓሣ ብቻ አይደለም፤ የምንበላውን ቆስጣም የምናጠጣው በእሱ ነውና።

የትኛው ዓሣ የዝናብ ውሃ ይወዳል?

የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ለአንዳንድ ዓሣ በረከት፣ ለአንዳንዱ አደጋ ነው። ኒዮን ቴትራ፣ ዲስከስ፣ ኤንጀልፊሽና ቤታ ለስላሳ ውሃ ይስማማቸዋል። ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ጎልድፊሽ ደግሞ ጠንከር ያለ፣ ማዕድን ያለው ውሃ ይፈልጋሉ። ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የመጡት ባለቀለም ሲክሊዶችም እንደዚያው። ያላችሁ ጋፒና ሞሊ ብቻ ከሆነ የዝናብ ውሃ ለመሰብሰብ አትድከሙ፤ ክሎሪኑ የወጣለት የቧንቧ ውሃ ይሻላቸዋል።

ለስላሳ ውሃ ለሚወዱትም ቢሆን ንጹሕ የዝናብ ውሃ ብቻውን አይሰጥም። ካርቦኔት የሚባለው ማዕድን የሌለው ውሃ ፒኤቹን መያዝ አይችልም። የዓሣው ቆሻሻ ሲበሰብስ አሲድ ይፈጠራል፣ ፒኤቹም በአንድ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ ነው ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ ያልኩት።

ድብልቁ እንደ ሰፈራችሁ ይለያያል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ውሃ ታገኛለች፤ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይመጣል። የግድቡ ውሃ ለስላሳ ነው፣ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛዋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ማንቆርቆሪያው ይነግራችኋል። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ ከያዘ ውሃችሁ ጠንካራ ነው፤ የዝናቡን ድርሻ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ቅርፊት ካልያዘ የቧንቧው ውሃ ራሱ ለስላሳ ስለሆነ የዝናቡ ጥቅም ያንሳል፤ ሩብ ያህል ብቻ ጨምሩ። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ካገኛችሁ ግን ከግምት ያድናችኋል።

የቧንቧውን ውሃ ክዳን ሳይኖረው አንድ ቀን አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣለታል። ለወራት ተዘግቶ የቆየ የዝናብ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ከመጨመራችሁ በፊት በአየር ፓምፕ ጥቂት ሰዓት አናፍሱት። ፓምፕ ከሌለ ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርጎ ደጋግሞ መገልበጥም ይሠራል።

ለጓሮ፦ ከርካሹ እስከ ውዱ

ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፦ መሬቱ ራሱ፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ ጉድጓድ።

መሬቱ ራሱ ስል የአሸንዳውን መውረጃ ወደ ተክሎቹ ማዞር ማለቴ ነው። ከሎሚው፣ ከጌሾው ወይም ከሙዙ ሥር ሰፋ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮ በደረቅ ቅጠልና በሣር ይሞላል፣ ውሃው እዚያ ይገባል። አፈሩ ለሳምንታት እርጥበት ይይዛል። ከቱቦ በቀር የሚገዛ ነገር የለም። ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። እኔ ግን ቋሚ ተክል ላለው ጓሮ ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ተጠንቀቁ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳም ይሰነጥቃል።

በርሜል ለተከራይ ነው የሚስማማው። ቤት ሲቀየር አብሮ ይጫናል፣ አከራይም አይቆጣም። ሦስት ወይም አራት ብሎኬት ላይ አስቀምጡት፣ ከታች ቧንቧ ግጠሙለት፣ አፉን በወፍራም ሻሽ ሸፍኑት። ሲሞላ 200 ኪሎ ስለሚመዝን ብሎኬቶቹ የማይነቃነቁ ይሁኑ። ከላይ በኩል የሚተርፈውን የሚያወጣ ቀዳዳ ካልሠራችሁለት ውሃው በግድግዳው ሥር ይፈስሳል። ሁለት በርሜል ከታች በቱቦ ማገናኘትም ይቻላል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላውም እኩል ይሞላል።

ሮቶ ዋጋው ይከብዳል፣ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ዝናቡ ካለቀ በኋላ ሥራ አይፈታም፤ በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ይይዛል። ቤታችሁ ሮቶ የሌለው ከሆነ ወጪውን በዚህ ማመካኘት ይቻላል። ብቻ ለመጠጥ የምትጠቀሙበት ሮቶ ውስጥ የጣሪያ ውሃ አታስገቡ። 1,000 ሊትር አንድ ቶን ስለሆነ ማስቀመጫው በደንብ የተደለደለ ወይም በሲሚንቶ የተሠራ ይሁን። 1 ሜትር ከፍ ካለ ውሃው በጎማ በራሱ ወደ መደቦቹ ይወርዳል፣ ማንም ባልዲ አይሸከምም።

ጉድጓድ፣ ማለትም ከመሬት በታች በሲሚንቶ የሚሠራ ማጠራቀሚያ፣ የራሱ ግቢ ላለውና በጋውን ሙሉ ማልማት ለሚፈልግ ብቻ ነው። ያንን 5,000 ሊትር ያለ ጭንቀት የሚይዘው እሱ ነው። በገጠር ለመስኖ ኩሬ የሚዘረጋው ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም ላስቲክ ከሲሚንቶው ይረክሳል፣ ነገር ግን ክፍት ኩሬ ውሃው ይተንናል፣ ለልጆችም አደገኛ ነው። ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ የሚቆለፍ ክዳን የሌለው ጉድጓድ መኖር የለበትም። በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ስለሚለቅ መጀመሪያ ላይ የሚሞላው ውሃ መደፋት አለበት።

ከበርሜል እስከ ጉድጓድ ሁሉም የጋራ ሥራ አላቸው፤ አሸንዳው ከሰኔ በፊት ይጠረግ፣ በየዝናቡም የመጀመሪያው ውሃ ይጣል። ለ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ15 እስከ 30 ሊትር መድፋት ይበቃል። ቀላሉ መንገድ መውረጃው ጫፍ ላይ የሚዞር የቱቦ ክርን መግጠም ነው። መጀመሪያ ወደ ቦይ፣ ቀጥሎ ወደ በርሜል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ፣ ሞቅ ያለ ከተማ ያላችሁ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጣሪያው የጋራ ነው። በረንዳ ላይ በርሜል መሙላት አልመክርም፤ ክብደቱ ይከብዳል። ለአኳሪየም ከሆነ ላስቲኩን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ ሁለት ሦስት ጀሪካን ሞልቶ መውጣት ነው። ለጋራ አትክልት ከሆነ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ ከሕንጻው መውረጃ ሥር አንድ ሮቶ መትከል ለሁሉም ይጠቅማል።

አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ላላችሁ ደግሞ ክዳን ከምንም በላይ ነው። ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች በወረርሽኝ መልክ አይታለች፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ነው። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም እንደዚሁ በርሜልና ታንከር ትወዳለች። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሻሹ ቀዳዳ ካለው ቀይሩት። ዓሣ የምታረቡ ከሆነ ክሎሪኑ የወጣለት የቧንቧ ውሃ በያዘ የጓሮ በርሜል ውስጥ አንድ ሁለት ጋፒ መልቀቅም ይረዳል፤ የትንኝ እጭ እየለቀሙ ይበላሉ።

የዓሣውን ጀሪካኖች ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሞልታችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁባቸው፣ ጨለማ ጥግ ደርድሩ። በጋው ላይ ስትከፍቱ መጀመሪያ አሽትቱ። ምንም ሽታ ከሌለው አናፍሳችሁ ተጠቀሙ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ለጎመኑ ስጡት፣ ቀጣዩን ክፈቱ።